አራት ሰው የሚቀመጥበት የበቆሎ መፈልፈያ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰፈር ውስጥ የሚያገኘኝ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው ያለው። «ጥሩነሽ፣ ያን ሁሉ ዘመን ብረታ ብረት ቤት ውስጥ ምን ስትሠሪ ኖርሽ?» ይሉኛል። «በቆሎ ስፈለፍል» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ እንጂ ቀልዴን አይደለም። በር ሠርቻለሁ፣ መስኮት ሠርቻለሁ፣ የውኃ ፓምፕ ጠግኛለሁ። እስከ ዛሬ ድረስ «ይሄን ግን እንዴት አድርገን ሠራነው?» እያልኩ የምገረምበት ዕቃ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የበቆሎ መፈልፈያ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት አዳማ ነው። ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ ናዝሬት ነበር የሚላት፤ አሁንም አፌ ሳያስበው ናዝሬት ይላል። አባቴ ከሰሜን ሸዋ መጥቶ እዚሁ የቀረ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ኦሮምኛ ያስተማሩኝ የጎረቤት ልጆች ናቸው፤ ይህ ትምህርት በኋላ ከተማርኩት የቴክኒክ ትምህርት ባልተናነሰ እንጀራ ሆኖልኛል። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ስወጣ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የእርሻ መሣሪያ ማምረቻ ቀጠረኝ። ደመወዙ ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ለሁለት አይበቃም ይባልለት ነበር።

የመጀመሪያ አለቃዬ አቶ መኮንን «ሴት ልጅ እሳት አጠገብ ምን ትሠራለች?» ብለው የመስኮት ፍርግርግ ቀለም ቀቢ አደረጉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፊቴ እንዳይቃጠል አስበው ነው። እኔ ግን በየቀኑ በንዴት እየተቃጠልኩ ነበር። ነፋሱ የናዝሬትን አቧራ አምጥቶ ትኩስ ቀለሜ ላይ ሲለጥፍብኝ ደግሞ ከነፋሱም ጋር እጣላለሁ። በኋላ ባቱ ከሐይቁ አጠገብ ወዳለው የጥገና ጣቢያ ሲልኩኝ ቅጣት መስሎኝ ነበር። የሐይቁ ዳር የሽንኩርትና የቲማቲም አምራቾች ፓምፓቸውን በአህያ ጋሪ ጭነው ያመጡልናል። እዚያ አንድ ነገር ተማርኩ፦ ፓምፑን ከመፍታቴ በፊት ባለቤቱን «እስቲ እንዴት እንደምታስነሣው አሳየኝ» ማለት። ግማሹ ብልሽት አነሣሡ ላይ ነው የሚገኘው።

ከባቱ ስመለስ ጋሽ ደቻሳ ዘንድ መደቡኝ። ክፍላችን «አዲስ ዕቃ ክፍል» ይባላል፤ ክፍል ተባለ እንጂ ከመጋዘኑ ጀርባ የተለጠፈች የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ከቀትር በኋላ ሙቀቷ ሰው ያበስላል። ሥራችን ሰው ያመጣውን ሐሳብ ተቀብለን ሊሸጥ የሚችል ዕቃ ማድረግ ነው። ሐሳብማ ሁሉም ያመጣል። ዘበኛው ሳይቀር በነፋስ የሚዞር የጥበቃ መብራት ይሠራልኝ ብሎ ሥዕል ይዞ መጥቶ ያውቃል። ከሐሳቡ እስከ ገበያው ያለው መንገድ ላይ ነው ሁሉም የሚቀረው።

ጋሽ ደቻሳ ሞዴል ሠሪ ነበሩ። ብረት ቀልጦ ከመፍሰሱ በፊት ቅርጹ በእንጨት ይሠራል። የእንጨቱ ቅርጽ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሲወጣ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ የቀለጠው ብረት እዚያ ይገባል። ስለዚህ እሳቸው እንጨቱ ላይ ያልተላገ ጥግ ከተዉ መቶ ብረት ላይ ያው ጥግ ይወጣል። ይህን ስለሚያውቁ የሠሩትን ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል። ያ ጣት ወይ ተቆርጧል፣ ወይ እየዳነ ነው፤ ደህና ሆኖ ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ለሙከራ የሰጡትን ዕቃ «እንዴት አገኛችሁት?» ብለው አይጠይቁም። እኔ አንድ ጊዜ ስጠይቅ ሰምተው እጄን ይዘው ወደ ውጭ አወጡኝ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አገራችን ውስጥ እንግዳ ፊት ‹ዕቃሽ አይረባም› የሚል ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ለምን ታስዋሺዋለሽ? ስጪና ሂጂ። ሳይጠብቁሽ ተመለሽና የት እንዳስቀመጡት እዪ።»

ዕቃው ከዝናብ ተጠልሎ፣ እጀታው የእጅ ወዝ ጠጥቶ ከተገኘ ገበያ አለው። ሜዳ ላይ ካደረ የለውም። የሳቸው የገበያ ጥናት ይኸው ነበር። እኔም እስክወጣ ድረስ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

የበቆሎ መፈልፈያው ሐሳብ የመጣው ከሥራ አስኪያጃችን ከኢንጂነር ሰለሞን ነው። ገና ወጣት ነበር፤ ለሥራ ወደ አርሲ ነገሌ ሄዶ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮ ቤታችን ገባ። ክራቫቱን እንኳ አላወለቀም።

«ሴቶቹ በጣታቸው ነው የሚፈለፍሉት፣ ጋሽ ደቻሳ። ጣታቸው ቆስሎ በጨርቅ ጠቅልለውታል። ይሄ ሁሉ ብረት እያለን!»

ጋሽ ደቻሳ ሰው ልከው አንድ ጆንያ በቆሎ ከነቆረቆንዳው አስገዙና መሬት ላይ አፈሰሱት። ከዚያ ሁላችንንም አስቀምጠው አስፈለፈሉን፤ ኢንጂነሩንም ጭምር። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው። ጥቂት ቆይቶ አውራ ጣት መጋል ይጀምራል፤ ከዚያ ቆዳው ይለሰልሳል፤ ከዚያ ፍሬውን የሚገፋው ጣቱ ሳይሆን ሕመሙ ይሆናል። ኢንጂነር ሰለሞን ጣቱን እየላሰ ሲፈለፍል አይቼ በጣም ወደድኩት። ይህ ሰው ሐሳቡን ከልቡ ነው ያመጣው።

ማሽኑን በጥቂት ወራት ሠራነው። ወገብ ድረስ የሚደርስ፣ ከባድ ጎማ ያለው፣ አንድ ሰው ቆሞ በእጀታ የሚያዞረው ነበር። ከላይ በቆሎው ይገባል፤ ጥርስ ያለው ብረት ይይዘዋል፤ ከታች ፍሬው ይዘንባል። መጀመሪያ ያዞርነው ቀን የሁሉም ሰው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ከብየዳ ክፍል ሳይቀር ሥራ ጥለው መጡ። ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ጆንያው አለቀ። ትናንት ያልነበረ ነገር ዛሬ እግር አውጥቶ ቆሞ ሥራ ሲሠራ ማየት፣ እኔ ሃይማኖተኛ ነኝ፣ ግን እንደዚያ ቀን የተደነቅሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በመኸር ወቅት በጭነት መኪና ጭነን አርሲ ነገሌ ገበያ ወረድን። እህል ተራው መሐል አቁመን ማዞር ስንጀምር ሰዉ ከበበን። አንድ ሽማግሌ «ይሄ ጂኒ ነው!» ብለው ወደ ኋላ አሉ፤ ቆይተው ደግሞ ተመልሰው እጀታውን ራሳቸው ያዙ። ተጨበጨበልን። ያመጣነው በሙሉ ተሸጠ። ስንመለስ ባቱ ላይ ዓሣ በላን፤ ከሠርግ የምንመለስ ነበር የምንመስለው። ኢንጂነር ሰለሞን ለሚቀጥለው ዓመት ብዙ እንዲመረት አዘዘ፤ ጎማውና ጥርሱ መጋዘን ሞላ።

ከዚያ ጸጥ አለ። አንድም ሰው ሁለተኛ አልጠየቀም። የሻሸመኔው የሽያጭ ሱቃችን «ማንም ስለ እሱ አያነሣም» አለን። የሚቀጥለው በቆሎ ሲደርስ ጋሽ ደቻሳ «እንሂድና የት እንዳስቀመጡት እንይ» አሉኝ። ፒክአፕ ይዘን ሄድን።

የመጀመሪያው ቤት ማሽኑ ላይ ዶሮ ሰፍራበታለች። ሁለተኛው ቤት ጣራ ጠፈጠፍ ሥር ዝጎ ቆሟል። ሦስተኛው ቤት እጀታው ተነቅሎ የአጥር በር መቀርቀሪያ ሆኗል፤ እሱ እንኳ ጥሩ ነበር የሚሠራው። በየቤቱ ደግሞ ምስጋናው! «መኪናው በጣም ጎበዝ ነው፤ እጃችሁ ይባረክ» ይሉናል፤ መኪና የሚሉት ማሽኑን ነው። ጋሽ ደቻሳ አመስግነው፣ ጎንበስ ብለው ወጥተው ፒክአፑ ውስጥ ይገባሉ። ፊታቸውን ላለማየት በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ። የሠራሁት ነገር በደንብ እየሠራ ሰው እንዳልፈለገው ሳውቅ የተሰማኝን ውርደት በምን ልንገራችሁ? ተበላሽቶ ቢሆን እንጠግነው ነበር።

አራተኛው ቤት የአዴ ሞሚና ነበር፤ አዴ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ፣ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ነው። ማሽናችን በረት አጠገብ ብቻውን ቆሟል። ከቤቱ ጥላ ሥር ሰሌን ተነጥፎ ሴቶች ተቀምጠው በጣታቸው እየፈለፈሉ ነው። ሲያዩን ተሸማቀቁ።

«አካም ጂርቱ፣ እንዴት ናችሁ፣ ግቡ፣ ግቡ» አሉ አዴ ሞሚና፤ ሞላ ያሉ፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ ሴት ናቸው። «መኪናችሁ'ኮ በጣም ጎበዝ ነው!»

ጋሽ ደቻሳ ወንድ ስለሆኑ ከባልየው ጋር ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እኔ ግን ጫማዬን አውልቄ ሰሌኑ ላይ ወጣሁና አንድ በቆሎ አነሣሁ። አንድም ነገር አልጠየቅሁም። ፈለፈልኩ። ጥቂት ቆይተው እንግድነቴን ረሱትና ጨዋታቸውን ቀጠሉ።

ምን ያልሰማሁት አለ! የማን ልጅ ለማን እንደታጨች፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፤ ሁለቱ የተኳረፉት ደግሞ እዚያው ሰሌን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁሉም የሚያወራው እነሱን ለማስታረቅ ነው፤ ግን ማንም ስማቸውን አይጠራም። አጠገቤ ፋጡማ የምትባል ባሏ የሞተባት ወጣት ሴት አለች። የሚፈለፈለው በቆሎ የሷ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። የሷ ሳያልቅ ማንም የራሱን አይጀምርም። ፋጡማ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ቆይታ አንድ ቃል ተናገረች፤ ቆይታ ደግሞ ሳቀች። ስትስቅ አዴ ሞሚና በዓይናቸው ለሌሎቹ ምልክት ሲሰጡ አየሁ።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ከሴቶቹ አንዷ የማሽኑን ነገር ራሷ አነሣችው። በኦሮምኛ ነበር፤ ቃሏን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

«ያ መኪና ፈጣን ነው፤ አላማነውም። ግን አንዷን ከመካከላችን ያወጣል። እሷ ብቻዋን ቆማ ታዞራለች፤ ከጩኸቱ የተነሣ እኛም አንሰማት፣ እሷም አትሰማን። ታዲያ ማንን እናውጣ?»

«እኔን አውጡኝ ብላ ነበር ፋጡማ» አሉ አዴ ሞሚና። «እሷን ደግሞ እንዴት እናወጣለን? በቆሎው ሰበብ ነው፤ የተሰበሰብነው እኮ ለሷ ነው።»

አንዲት ደግሞ አከለች። «ቆረቆንዳውንም ይፈጨዋል። በምን እናንድድ?»

እጄ ላይ ያለውን በቆሎ ይዤ ቀረሁ። እኛ እያንዳንዳችን ብቻችንን ማሽን ላይ ቆመን ስለምንውል፣ ሥራ ማለት ብቻን መቆም ይመስለናል። ለፍጥነት ተጨነቅን። እነሱ ጣታቸውን ማዳን ይፈልጋሉ፤ ሰሌኑን ማጣት ግን አይፈልጉም።

ስንመለስ ለጋሽ ደቻሳ ሁሉንም ነገርኳቸው። ላንጋኖ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ሹፌሩን አስቆሙት። ወረዱና መሳቅ ጀመሩ። የምር ከሆዳቸው ሳቁ፤ ሹፌሩ ተደናግጦ ያየኛል። ከዚያ አቧራ በለበሰው የመኪናው ኮፈን ላይ በጣታቸው አንድ ትልቅ ክብ ሣሉ። ዙሪያውን አራት ነጥብ አደረጉ።

«እዚህ ይቀመጣሉ» አሉ። «መኪናው መሐል ይገባና ዝም ይላል። እነሱ ይናገራሉ።»

ቢሮ ግን ሌላ ወሬ ጠበቀን። መጋዘን ስለሞላው ያልተሸጠ ብረት ከዋናው መሥሪያ ቤት ጥያቄ መጥቷል። ኢንጂነር ሰለሞን አስቀምጦ ነገረን፤ ዓይኑን ከጋሽ ደቻሳ ላይ እያሸሸ።

«አዲስ ዕቃ ክፍል ይዘጋ ተብሏል። ለምኜ እስከሚቀጥለው መኸር አስጠብቄያለሁ። እስከዚያ የሚሸጥ ነገር ካልወጣ ሁላችሁም ወደ በርና መስኮት ትሄዳላችሁ። ከዚህ በላይ አቅም የለኝም።»

የጋሽ ደቻሳ ጡረታ በዚያው ዓመት ነበር። ስንወጣ በሩ ላይ ቆም ብለው «ይሄ ሳይሸጥ ከወጣሁ ጡረታ ወጣሁ አልልም፤ ተባረርኩ ነው የምለው» አሉኝ። ድምፃቸው ሲሰበር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እኔም እንቅልፍ አልነበረኝም። እኔ በር መሥራት አያቅተኝም፤ እኚህን ሰው አንገታቸውን ደፍተው ከዚያ ግቢ ሲወጡ ማየት ግን አልችልም ነበር።

ሥራው የተጀመረው በካርቶን ነው። የባቱ ሴቶች ቲማቲም የሚያሽጉበትን ካርቶን ቆርጠን አራት ሰው የሚከበው ዝቅ ያለ ክብ አደረግንና እኛው ዙሪያውን መሬት ላይ ተቀመጥን። ጉልበት ይነካል ወይ? እጅ ይደርሳል ወይ? ፊት ለፊት ያለችው ትታያለች ወይ? ከፍታውን ደጋግመን ቆረጥን። መሐሉ ላይ ጥርስ ያለው የብረት ሳህን ይዞራል፤ ዙሪያውን አራት አፍ አለው፤ እያንዳንዷ በራሷ አፍ በቆሎዋን ትሰጠዋለች። ከላይ አንድ እጀታ አለ፤ ተራ በተራ ያዞሩታል፤ የምታዞረውም ከክቡ አትወጣም።

ጥርሱ አስቸገረን። የድሮው ጥርስ ሹል ስለነበር ፍሬውን ይሰብራል፤ የተሰበረ በቆሎ ደግሞ ቶሎ ይነቅዛል፤ ነጋዴውም ያንቋሽሸዋል። ጋሽ ደቻሳ አውራ ጣቴን ያዙና አገላብጠው አዩት። «ሲፈለፍል የሚገፋው የትኛው ጎኑ ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው፤ ከጥፍሩ በታች ያለው ሥጋ ነው። ያንን ቅርጽ በዋንዛ እንጨት ቀረጹት። ቀርጸው ይዳስሳሉ፤ ደግሞ ጣቴን ይዳስሳሉ፤ ደግሞ በሞረድ ይነካሉ። ሲጨርሱ ሳህኑ ዙሪያውን የአውራ ጣት ረድፍ ሆነ። አሸዋው ውስጥ ቀበርነው፣ አወጣነው፣ ብረቱን አፈሰስን። አሸዋውን ስናራግፍ የራሴን ጣት በብረት ደጋግሞ ተሰልፎ አየሁት። አውራ ጣቴን አንዱ ብረት ላይ አጋድሜ ለካሁት።

በቆሎውን ከጥርሱ ጋር የሚያስጠጋው ስፕሪንግ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው፤ ሲጠብቅ በቆሎው ይቀረቀራል፣ ሲላላ ፍሬው ሳይፈለፈል ያልፋል። ከአሮጌ የመኪና መቀመጫ የነቀልነው ነው በመጨረሻ የሆነልን። ጩኸቱን ለማብረድ ከጎማ ጠጋኞች የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ለምነን ከውስጥ አለበስነው። ቆረቆንዳው በጎን ሙሉውን ይወጣል።

ኢንጂነር ሰለሞን መጥቶ ሞከረው። ሰዓቱን አየ። ፊቱ ወደቀ።

«ከመጀመሪያው'ኮ በጣም ይዘገያል። ምን ብዬ ነው ይዘገያል የተባለ ማሽን የማስፈቅደው?»

«ይቀመጡ እስቲ፣ ኢንጂነር» አሉ ጋሽ ደቻሳ።

አራታችን ተቀመጥን። እሱ፣ እሳቸው፣ እኔና ሹፌሩ። በቆሎ እየሰጠን ወሬ ጀመርን። ሹፌሩ የልጁን ሠርግ ወጪ ሲያማርር ኢንጂነሩ የራሱን ሠርግ አነሣ፤ እኔ አቶ መኮንን ቀለም ቀቢ ያደረጉኝን ተረክሁ። ጆንያው ባዶ ሲሆን ኢንጂነሩ እጁን ሰዶ ሌላ ፈለገ፤ የለም። ሰዓቱን ማየት ረስቶ ነበር። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና «ውሰዱት» አለ።

በዚህ ጊዜ ገበያ መሐል አላዞርንም፤ ጭብጨባም አልፈለግንም። አዴ ሞሚና ቤት አንዱን አስቀመጥንና እንዴት እንደሚዞር አሳይተን ሄድን። መቼ እንደምንመለስም አልነገርናቸውም። ከዚያ መጠበቅ ነው። የመኸሩ በቆሎ እየገባ ነበር፤ ጋሽ ደቻሳ በየጠዋቱ ሽበታቸውን እያከኩ ወደ መንገዱ ያያሉ።

ሳይጠብቁን ሄድን። ግቢው ገባን። በረት አጠገብ የለም። ከጣራው ሥር የለም። ሰሌኑም የለም። አዴ ሞሚናም የሉም፤ ባልየው ብቻ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል።

«ዕቃችን የት ሄደ?» አልኳቸው።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አሉ እየተማረሩ። «ከመጣ ጀምሮ ቤቴ አድሮ አያውቅም። እሱ ባደረበት ሚስቴም ታመሻለች። ወደዚያ ሄዱ፤ ወደ ፋጡማ ቤት፤ ወይም ከዚያ ማዶ።»

ፋጡማ ቤት ሄድን። የለም፤ ትናንት ነበር አሉን። ወደሚቀጥለው ቤት ጠቆሙን። እዚያም ጠዋት ወጥቷል። በማሳ መሐል በእግራችን ሄድን፤ ጋሽ ደቻሳ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አንድ የቁልቋል አጥር ጋ ስንደርስ ቆሙና እጃቸውን አነሡ።

ሳቅ ይሰማል። የሴቶች ሳቅ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ፣ የአዴ ሞሚና ጎላ ያለ ድምፅ። ጆሮዬን ስጥል ከሳቁ ሥር ሌላ ነገር አለ፤ ኩርርርር የሚል፣ ዝቅ ያለ፣ የጠገበች ድመት ድምፅ። የኛ ማሽን ነበር። እያወሩበት ነው።

ወደ ውስጥ አልገባንም። በአጥሩ ቀዳዳ አየን። ፋጡማ እጀታውን እያዞረች አፏን ሞልታ ትናገራለች። የተኳረፉት ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዷ ለሌላዋ በቆሎ ታቀብላለች። ፍሬው ሰሌኑ ላይ ክምር ሠርቷል። ጋሽ ደቻሳን ዞር ብዬ ሳያቸው እንባቸው እየወረደ ነበር፤ አልጠረጉትም። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አስደበቀኝ? ሰው ከጭንቅላቱ ያወጣው ነገር ሌላ ሰው ቤት ገብቶ እንደ ቤተ ዘመድ ሲቀመጥ ከማየት በላይ ምን ተአምር አለ?

ሳናስታውቅ ተመለስን። ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ይሁን በሁለት ሳምንቱ፣ ዘበኛችን እየሮጠ መጣ።

«በር ላይ ሴቶች ተቀምጠዋል። ከአርሲ ነገሌ ነው የመጣነው ይላሉ። ምን ፈልጋችሁ ስላቸው ‹አራት አፍ ያለውን አምጣልን› ይሉኛል። እኔ አራት አፍ ያለው ምን ዓይነት አውሬ እንደሆነ አላውቅም!»

አዴ ሞሚና ከነጓደኞቻቸው ነበሩ። የዕቁባቸውን ብር ይዘው በአይሱዙ ተጭነው መጥተዋል። አንዱ ማሽን ለሁሉም ቤት ተራ አላዳርስ ብሎ ጠብ ሊያስነሣ ነው አሉን። ኢንጂነር ሰለሞን ከቢሮው ወጥቶ ሴቶቹን አየ፤ ጋሽ ደቻሳን አየ፤ ከዚያ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዘው ከለከሉት። ክፍላችን አልተዘጋም። ጋሽ ደቻሳ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ፤ ቀጥ ብለው ነው የወጡት። ዛሬ በሕይወት የሉም። ነፍሳቸውን ይማር።

ከዚያ በኋላ ክፍሉን እኔ ያዝኩት። የሠራናቸው ሌሎች ዕቃዎች አሉ፤ ጥሩ የተሸጡም፣ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸውም። መፈልፈያውን ግን ውሎ አድሮ የየከተማው ብየዳ ቤት ሁሉ ይሠራው ጀመር። ቢሮው ተቆጣ፤ ክስ ይመሥረት ተባለ። እኔ ሻሸመኔ ሄጄ የነሱን ሥራ አየሁ። ለሳህኑ ከዱከም ፋብሪካዎች የተረፈ ብረት ገዝተው ነው የሚሠሩት፤ እግሩን ደግሞ ታጣፊ አድርገውታል። ለመሸከም እንዲቀል ነው። እኛ አላሰብነውም። ተመልሼ «የነሱ ከኛ ይሻላል» ብዬ ነገርኳቸው፤ የክሱም ነገር በዚያው ቀረ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በቅርቡ፣ ለልቅሶ ወደ አርሲ ነገሌ ሄጄ ነበር። ስመለስ ገበያ ስለነበር ወረድኩ። ከዕቃ ተራው ጫፍ አንዲት ኮረዳ መፈልፈያ ደርድራ ትሸጣለች። ቀይ የተቀባ አለ፣ አረንጓዴ አለ፤ የአንዱ ጠርዝ በዶቃ አጊጧል።

«ይሄ ደግሞ ለምን ዶቃ ተደረገበት?» አልኳት።

«እሱ የሙሽራ ነው፣ እማማ። እዚህ አገር ልጅ ስትዳር ይሄን ሳትይዝ አትወጣም። ጎረቤቶቿ መጥተው ዙሪያውን ካልተቀመጡላት ገና ጎጆ አልወጣችም ነው የሚባለው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚደረገው?»

«ከጥንት ነዋ!» አለች ባለማወቄ እየተገረመች። «ባህላችን እኮ ነው። ከቅድመ አያቶቻችን የመጣ ነው።»

አጠገቧ ያለ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ ደንግጣ ውኃ አቀበለችኝ፤ ፀሐዩ የመታኝ መስሏታል። የጋሽ ደቻሳ ስም አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«መጀመሪያ የሠራው ሰው ማን ነው ይባላል?» አልኳት።

ሳቀች። «ይሄን ደግሞ ማን ይሠራዋል፣ እማማ? ድሮም ነበረ።»

ውኃውን ጠጣሁና ብርጭቆውን መለስኩላት።

«እውነትሽን ነው፣ ልጄ» አልኳት። «ድሮም ነበረ።»